ገለባ የመሰለችው የእሳት እራት፦ ከአትክልት ቦታዬ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 22

የመሣሪያ ማስቀመጫ ጎጆዬን ግድግዳ ስጠርግ ከመሶብ ላይ የተመዘዘች ሰበዝ የመሰለች ነገር ተለጥፋ አየሁ። በመጥረጊያው ጫፍ ነካ ሳደርጋት በረረች። በረረች ማለት ካስኬደ ነው፤ ነፋስ እንደወሰደው የጥጥ ብናኝ እየተንሳፈፈች ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ እዚያው ግድግዳ ላይ መልሳ ተለጠፈች። ጠጋ ብዬ አየኋት። ቅርጿ ቁርጥ ፊደል ፐ ነው፦ አንድ ቀጭን ቋሚ፣ ከአናቱ ላይ አንድ ቀጭን አግዳሚ። ቋሚው ሆዷ ነው። አግዳሚው ክንፏ መሆን አለበት፤ ግን ክንፍ የሚመስል ነገር አይታይም፤ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ስንጥሮች ብቻ።

ይህን ቦታ ከተከራየሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ፍራንክፈርት ከተማ ጫፍ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። በጀርመን ሕግ እንዲህ ያለ የከተማ አትክልት ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የእኔ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ በአንድ ጥግ ጤና አዳም አለኝ። ከሁሉ አብልጦ ያለኝ ግን ሐረግ ነው፤ ትንንሽ ነጭና ሮዝ አበባ የሚያወጣው፣ ያገኘውን ግንድ ሁሉ የሚጠመጠምበት አረም። ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቆርጠህ የጣልከው የሥር ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ዘሩም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ኢትዮጵያም ውስጥ ገበሬው ያውቀዋል። አራት ዓመት ሙሉ ስነቅለው፣ አራት ዓመት ሙሉ ሲስቅብኝ ኖሯል።

ማታ ቤት ገብቼ የዚያችን ሰበዝ ማንነት ፈለግሁ። ኤመሊና ሞኖዳክቲላ ትባላለች፤ ላባ ክንፍ ከሚባሉት የእሳት እራቶች አንዷ ናት። ትሏ የሚበላው ያንኑ የእኔን ሐረግ ነው።

ሥራው የተጀመረው ይህን ባነበብኩባት ደቂቃ ነው። ትሉን ፈልጌ ላሳድግ፣ ክንፏን ስትዘረጋም በዓይኔ ላያት ወሰንኩ።

ግንቦት 24

ከሥራው በፊት የስሙ ነገር አላስተኛኝም።

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 እነዚህን የእሳት እራቶች ሲሰይም በጣት እየቆጠረ ነው፦ ሞኖዳክቲላ ባለ አንድ ጣት፣ ዲዳክቲላ ባለ ሁለት፣ ትሪዳክቲላ ባለ ሦስት፣ ቴትራዳክቲላ ባለ አራት፣ ፔንታዳክቲላ ባለ አምስት፣ ሄክሳዳክቲላ ባለ ስድስት። ቁጥር የሚማር ሕፃን ይመስላል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ልማዱን ስለወደዱት ዛሬ ከ1000 በላይ ዝርያ ባለው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስሙ በ«ዳክቲላ» ወይም በ«ዳክቲሉስ» የሚያልቅ ስፍር ቁጥር የለውም። የቤተሰቡ ስም ፕቴሮፎሪዴ ነው፤ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ላባ ተሸካሚ» ማለት ነው።

ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። የእኔዋ የፊት ክንፏ ለሁለት፣ የኋላ ክንፏ ለሦስት የተሰነጠቀ ነው። በአንድ ወገን አምስት፣ በሁለቱ ወገን አሥር ላባ አላት ማለት ነው። «ባለ አምስት ጣት» የተባለችው ነጯ ዘመዷም ያላት ልክ ይህንኑ ያህል ነው፤ አንድም አትበልጣት። «ባለ ስድስት ጣት» የተባለችው ደግሞ ጭራሽ የሌላ ቤተሰብ አባል ናት፤ እያንዳንዱ ክንፏ ለስድስት ስለሚሰነጠቅ ጠቅላላው ሃያ አራት ይሆናል። ስለዚህ ሊቁ አንዷን በክንፍ፣ ሌላዋን በወገን ቆጥሯል። የእኔዋን ደግሞ ጭራሽ አልቆጠራትም፤ ስታርፍ አምስቱን ላባ አጣጥፋና ጠቅልላ አንድ ስታስመስል አይቶ ይመስለኛል አንድ ብሎ ያለፈው። እኔ ግን ልቆጥር ነው የተነሳሁት።

«ኤመሊና» የሚለውን የመጀመሪያ ስሟን (የቅርብ ዘመዶቿ የጋራ ስም ነው) የሰጣት እንግሊዛዊው ጄምስ ዊሊያም ተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905። ይህ ሰው በፋብሪካ ጭስ በጠቆሩ ዛፎች ላይ ጥቁር የእሳት እራቶች የበዙት ወፎች ነጮቹን በቀላሉ ስለሚለቅሟቸው ነው ብሎ አስቀድሞ የጻፈ ነው።

ግንቦት 30

ሦስት ቀን ሐረግ ሳገላብጥ ዋልኩ። ምንም የለም። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን የሠራው የለም። ቀንድ አውጣ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 3

ተገኘ! ስህተቴ ቀን ቀን፣ ያውም ትልልቁን ቅጠል መፈለጌ ነበር። ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ (በዚህ አገር በሰኔ ገና መምሸቱ ነው) ባትሪ ይዤ የሐረጉን ጫፍ ጫፉን ማየት ጀመርኩ። ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል ውስጥ ጥቁር የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ ኩስ አየሁ። ቅጠሉን በጥፍሬ ገለጥ ሳደርገው ትሉ ተኝቷል።

በአጉሊ መነጽር ያየሁትን ልጻፍ። ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መልኩ ብጫ ያደላው አረንጓዴ፤ በጀርባው መሐል ከአንገት እስከ ጭራ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መስመር ይወርዳል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የተቆራረጠ ቀጭን ብጫ ክር አለ። ሰውነቱ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጉብታ አጫጭርና ነጫጭ ጸጉር እንደ ችፍርግ በትኖ ወጥቷል። አባጨጓሬ ነው፤ ግን የልጅነታችን አባጨጓሬ ዓይነት አይደለም፤ ቢነኩት አያሳክክም። የሆድ እግሮቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ስለሆኑ ሲራመድ በእንጨት እግር የቆመ ይመስላል። የሐረጉ ቅጠልም ጸጉራም ነው። ትሉ የቅጠሉ መሐል ጅማት ላይ ርዝመቱን ይዞ ሲተኛ ባትሪው በቀጥታ ቢያርፍበት እንኳ ዓይን ያልፈዋል።

አሥራ አንድ ሰበሰብኩ። ሁለቱ በጀርባቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አላቸው፤ የዚሁ ዝርያ ትሎች በመልክ ይለያያሉ።

ሰኔ 5

ሁለቱ ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የተቆረጠ ሐረግ ከሩብ ሰዓት በላይ ስለማይቆም ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ አስቀመጥኩት። ትሎቹ ግንዱን ተከትለው ወርደው ውኃ ውስጥ ገቡ። መመለስ አላወቁበትም። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው የብርጭቆውን አፍ በጥጥ መድፈን ነው አሉ። እኔ ሁለት ትል ከፍዬ ተማርኩት።

ሰኔ 7

ሌላ አንድ። በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑን ገጥሜበት ነበር፤ በላብ ታፍኖ፣ ኩሱም ሻግቶ አገኘሁት። ክዳኑን ጥዬ በአሮጌ ነጠላዬ ቁራጭ አፉን አሰርኩ። ነጠላ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ አየር ያስገባል፣ ትል አያስወጣም። ከሥሩ በየቀኑ የሚቀየር ሶፍት አነጠፍኩ።

ስምንት ቀሩ።

ሰኔ 8

ከዛሬ በኋላ የተቆረጠ ሐረግ አልመግብም። ከጎመኑ ሥር አንድ የሐረግ ሥር ቆፍሬ አወጣሁና በማሰሮ ተከልኩት። ውኃም አጠጣሁት። በአራት ዓመት ውስጥ ለዚህ አረም ውኃ ሳጠጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። የአጥራቸው ግርጌ በመቀስ የተከረከመ ጺም ይመስላል። ማሰሮውን አይተው በአጥሩ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ያንን አረም እየተከሉ ነው?»

«አዎ። ትል ላሳድግበት ነው።»

«ትል?»

«የእሳት እራት ትል። የሚበላው ይህን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።»

ፊታቸው ፈካ። «ታዲያ ይህ ትል ሐረጉን ይጨርሰዋል ማለት ነዋ!»

ሐቁን ነገርኳቸው። ስምንቱ ትሎቼ ባለፉት አምስት ቀናት በድምሩ የበሉት አሥራ አራት ቅጠል ነው፤ ያውም ብዙውን በስተው ብቻ ነው የተዉት። በዚያው ጊዜ አጥሩ ላይ ያለው አንድ ሐረግ ብቻ ከዚያ በላይ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። አዛውንቱ ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። እንደማይጠቅም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጽጌረዳቸው ሄዱ።

ሰኔ 12

እማዬ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ መዋሸት ስላልቻልኩ ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው በግ ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ የእሳት እራት ያረባ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«አላረባሁም እማዬ፣ እያየሁ ነው።»

«ብል እንዳትሆን! ቤትሽን ሙሉ ልብስ አስበልተሽ...»

ብል እንዳልሆነች፣ ብል የሌላ ቤተሰብ ልጅ እንደሆነች፣ የእኔዋ ትል ከቅጠልና ከአበባ ሌላ እንደማይቀምስ አስረዳኋት። አመነችኝ። ጠርሙሱን በምን እንደሸፈንኩት ስነግራት ግን፣ «የትኛውን ነጠላ? ያንን ጥለት ያለውን እንዳይሆን!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ያው እርሱ ነው።

እንግዲህ ስሙን ስናነሳ፣ እኛ «የእሳት እራት» የምንለው አሟሟቷን አይተን ነው፤ መብራት ላይ ስትወድቅ። ጀርመኖች ደግሞ ነጯን ባለ አምስት ጣት «ሽሌንጋይስትሽን» ይሏታል፤ «የጥቁር እሾህ ትንሽ መንፈስ» እንደማለት ነው። ማታ ማታ ነጭ ሆና ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ስትል ለሚያያት ስሙ ገብቶ ይሰማዋል። ነገር ግን ትሏ የሚበላው ጥቁር እሾህን ሳይሆን ሐረግን ነው። ሊኒየስ ጣቷን፣ እኛ ሞቷን፣ ጀርመኖች ቤቷን ተሳሳቱ ልል ነበር፤ ግን እኛ አልተሳሳትንም፤ ወደ መብራት ትመጣለች።

ሰኔ 15

ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ ስኳር ድንችና ይህ ሐረግ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ አንድ የስኳር ድንች ቅጠል ለትሎቹ ሰጠሁ። አንዱ ትል ጠርዙን ጥቂት ነከሰ፣ ቆም አለ፣ ሌላ ጥቂት ነከሰ፣ ከዚያ ወደ ማሰሮው ሐረግ ተመልሶ ሄደ። እንግዳ ቤት ያልለመደውን ምግብ ለይሉኝታ እንደሚቀምስ ሰው ነው። ሌሎቹ አልቀረቡትም።

ሁለተኛው ደስ አይልም። ሁለት ትሎች ከትናንት ጀምሮ መብላት አቁመው፣ መልካቸው ገርጥቶ፣ ቅጠል ላይ ሳይነቃነቁ ቆመው ነበር። ቆዳ ሊቀይሩ ነው ብዬ ተውኳቸው፤ ሲቀይሩም እንዲሁ ያደርጋቸዋል። ዛሬ ጧት ከሁለቱም አጠገብ የሩዝ ፍሬን ሩብ የምታክል ነጭ የሐር እንክብል ተጣብቃ አገኘሁ። ትሎቹ ባዶ ቆዳ ሆነዋል። ጥገኛ ተርብ ናት፤ እናቲቱ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሲጠግብ ቆዳውን በስቶ ይወጣና የራሱን እንክብል ይፈትላል። እኔ ስሰበስባቸው ተርቧ ቀድማኝ ነበር ማለት ነው። ለአሥራ ሁለት ቀናት የማንን ልጅ ስመግብ እንደኖርኩ አላወቅሁም።

እንክብሎቹን ልጥላቸው አስቤ ተውኩት። ለብቻቸው በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጥኳቸው። የተርቡም ታሪክ የዚሁ የእሳት እራት ታሪክ ነው።

ስድስት ቀሩ።

ሰኔ 18

ከእንክብሎቹ ጥቋቁር ተርቦች ወጡ። ጉንዳን ክንፍ ቢያወጣ ይበልጣቸዋል። በመስኮት ለቀቅኳቸው።

ሰኔ 19

ትልቁ ትል፣ 11 ሚሊሜትር የደረሰው፣ ከትናንት ጀምሮ ምግብ ትቶ ሲንከራተት ነበር። ግንድ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ በነጠላው ላይ ዞረ። ማታ የማሰሮው ሐረግ አንድ ቅጠል ጀርባ ላይ ተቀመጠና ራሱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ የሐር ምንጣፍ መዘርጋት ጀመረ። የሐር ክሩ ዓይን አይሞላም፤ በባትሪ ብርሃን አግድም ካላዩት የለም። ምንጣፉ ሲያልቅ ዞሮ የኋላውን ጫፍ ተከለበት።

ሰኔ 20

ጧት 12 ሰዓት ላይ ቆዳው ከአንገቱ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። ካልሲ ወደ ታች እንደሚወልቅ ቆዳው እየተሸበሸበ ወደ ጭራው ወረደ። ከውስጥ የወጣው ፑፓ (ትሉ ወደ እሳት እራት እስኪለወጥ ድረስ ሳይበላ የሚቆይበት አካል) አረንጓዴ ነው፤ ትናንሽ ጥቋቁር ምልክቶች አሉበት። እንደ ሐር ትል በፈተለው ቤት ውስጥ አልተሸፈነም፤ እርቃኑን ነው። በጭራው ጫፍ ባሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች የሐር ምንጣፉን ይዞ ቅጠሉን ተደግፎ ተኝቷል። በብሩሽ ጸጉር ነካ ሳደርገው ከወገቡ ብድግ አለና መልሶ ተኛ። ይቅርታ ጠይቄ ተውኩት።

ሰኔ 23

ስድስቱም ፑፓ ሆነዋል። አራቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቡናማ። ቡናማዎቹ ደረቅ ግንድ ላይ የተሰቀሉት ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሄጄ ሳይ አንዱ ቡናማ ለምለም ቅጠል ላይ ነው። ሰረዝኩት።

ሰኔ 24

ማታ አጥሩ ሥር ነጯን አየኋት፤ ፔንታዳክቲላን። እንደ በረዶ ነጭ ናት። የኔዋ ሙሉ ሰውነቷን ጠቅልላ ስትደበቅ ይህቺ ላባዋን ከፈት አድርጋ ስለምታርፍ ጣቶቿን መቁጠር ይቻላል። ሁለቱም በልጅነታቸው አንድ ሐረግ ይበላሉ፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ነጯ ክረምቱን የምታሳልፈው በትልነቷ ነው፤ የእኔዋ ግን ክንፍ አውጥታ፣ አድጋ፣ በረዶውን በሙሉ አካሏ ትጋፈጣለች።

(ክረምት ስል የጀርመኑን ቅዝቃዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ዛሬ ክረምት ሊገባ ነው፤ እዚህ ደግሞ በጋው ገና መጀመሩ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመታት እዚህ ኖሬም ይህ ነገር አፌ ላይ አልረጋም።)

ሐምሌ 1

ትልቁ ፑፓ ጠቆረ። ከቆዳው ሥር የክንፎቹ መስመሮች በሥዕል የተሠሩ መስለው ይታያሉ። ዛሬ አልተኛም።

ሐምሌ 2

ተኛሁ። ግን 11 ሰዓት ከሌሊቱ ደወል ሞልቼ ነበር፤ ደረስኩ።

ፑፓው ራሱ አካባቢ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ የወጣው ራስ አይደለም፤ እግር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ እርጥብ ክር የሚንቀጠቀጥ እግር ቅጠሉን ፈልጎ ያዘ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ራሷና ሁለቱ አንቴናዎች በአንድ ጊዜ። ሙሉ በሙሉ ለመውጣት የፈጀባት አራት ደቂቃ ነው፤ በሰዓቴ ይዣለሁ።

ክንፎቹ ሲወጡ ትከሻዋ ላይ የተሰካ የተጨማደደ ወረቀት ይመስሉ ነበር። የተሰነጠቁ አይመስሉም፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ወደ ላይ ወጥታ ቅጠሉን ገልብጣ ያዘችና ተንጠለጠለች። ክንፎቹ ወደ ታች መዘርጋት ጀመሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የኋላ ክንፉ ላይ የመጀመሪያው ስንጥቅ ታየ፤ ልክ እርጥብ ሚዶ ሲደርቅ ጥርሱ እንደሚለያይ። ከዚያ ሁለተኛው ስንጥቅ። ከዚያ የፊቱ ክንፍ ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ያህል ድረስ ለሁለት ተከፈለ። የእያንዳንዱ ጣት ጠርዝ ዙሪያውን በረጃጅም ጸጉር ተከቧል፤ ጸጉሮቹ እየደረቁ አንድ በአንድ ቀጥ ሲሉ ጣቱ ላባ ሆነ። መልኳ የአመድና የገለባ ድብልቅ ነው፤ የፊት ክንፏ ስንጥቅ ከሚጀምርበት ትንሽ ወደ ውስጥ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ አለች።

አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ።

ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው እንዲያ ተዘርግታ የቆየችው። ከዚያ መጠቅለሉ ተጀመረ። የኋላ ክንፏን ሦስት ጣቶች እንደ ማራገቢያ ሰብስባ ከፊት ክንፏ ሥር አስገባቻቸው፤ የፊቱን ክንፍ ደግሞ በእነርሱ ላይ እንደ ወረቀት አጥብቃ ጠቀለለችው፤ በሁለቱም ወገን እኩል። የኋላ እግሮቿን ወደ ጀርባዋ ዘርግታ ከሆዷ ጎን አስተካከለች። እግሮቿ ላይ ረጃጅም እሾህ የመሰሉ ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ከሰበዙ ጋር ተዋሃዱ። ፊደል ፐ ሆነች። ባለ አንድ ጣት። ሊኒየስ ያየው ይህንን ይመስለኛል፤ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ስሟ ሌላ ይሆን ነበር።

ሐምሌ 5

ከስድስቱ አምስቱ ወጡ። ስድስተኛው ደርቆ ቀረ። ማታ አምስቱንም አጥሩ ሥር ለቀቅኳቸው። አራቱ ወዲያው ሣር ውስጥ ጠፉ። አንዷ ግን የነጠላው ቁራጭ ላይ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቆየች።

ማስታወሻ፦ እርግጠኛ ስም ለመስጠት ከፈለግሁ ገድዬ፣ ቆርጬ የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ ማየት ነበረብኝ። በጣም የምትመስላት ኤመሊና አርጎቴሌስ የምትባል እህት አለቻት፤ እርሷ ረግረጋማ ቦታ ትወዳለች። የእኔ ቦታ ደረቅ ነው፤ ትሉንም ያገኘሁት የማሳው ሐረግ ላይ ነው። ለእኔ ይበቃኛል።

ሐምሌ 20

ከአትክልት ቦታ ተከራዮች ማኅበር ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። በአጥሬ ላይ ያለው ሐረግ ወደ ጎረቤት እየተሻገረ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይነቀል ይላል። ማን እንደተናገረ አልጠየቅሁም። በአዛውንቱ በኩል ያለውን ነቀልኩ፤ በባቡር ሐዲዱ በኩል ያለውን፣ ማንም የማይሻገርበትን አንድ ሜትር፣ ተውኩ። በዚያው ቀን ከነቀልኩት ላይ ሦስት ትል ለቅሜ ወደተውኩት አሻገርኩ። የሁለተኛው ትውልድ ናቸው።

አዛውንቱ ትል ስለቅም ሲያዩኝ ቆዩና አጉሊ መነጽሬን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ምንም ሳይሉ መለሱልኝ።

ጥቅምት 8

ማታ ከግንቡ ላይ የሚወጣው አይቪ አበባ ላይ ባትሪ አበራሁ። ሌላ አበባ ባለቀበት ወቅት ይህ ተክል ነው የሚያብበው፤ ለመክረም የተዘጋጀ ነፍሳት ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ተርብ፣ ዝንብ፣ ትልልቅ የእሳት እራቶች። በመሐላቸው ሦስት ሰበዞች ቆመው የአበባ ማር ይቀስማሉ። የእኔዎቹ ይሁኑ አይሁኑ የማውቅበት መንገድ የለም።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 6 ይላል። ዶሮው እሳት ላይ ሳለ ምንቸት ፍለጋ ወደ ጎጆው ሄድኩ። ጣሪያው ሥር፣ በሁለት ጣውላ መካከል አንዲት አለች። ጸጉሮቿ ላይ ውርጭ ይዟል። ትንፋሼ እንዳይነካት አፌን በሻርፕ ሸፍኜ አየኋት። አልተነቃነቀችም። ሞታም ሊሆን ይችላል። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

መጋቢት 20

ፀሐይ ወጣች። ከሐዲዱ ማዶ ያለው አኻያ አብቧል። ጎጆውን ከፍቼ ጣሪያውን አየሁ፤ በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ምንም የለም። ወለሉ ላይም የወደቀ ነገር አልነበረም፤ በእጅ መብራት ጥግ ጥጉን ፈትሻለሁ።

ማሰሮው ውስጥ የሐረጉ የመጀመሪያ ቀይ ቡቃያ ብቅ ብሏል።

ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። በእጃቸው አንድ ብርጭቆ ይዘዋል፤ አፉን በወረቀት ሸፍነውታል። ከመሣሪያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያገኙት ነው፤ እንዳትሰበር ብለው በጣም ተጠንቅቀው ይዘዋታል። አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። ወረቀቱን ከፈት አድርገን ሁለታችንም ጎንበስ አልን።

ገለባ ነበር።